አባቴ እንዳያርፍ የጠበቅኩበት ዓመት

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሰመራ፣ የመሥሪያ ቤታችን አዳራሽ ውስጥ ሰብስበው ስለ ጭንቀት አሠለጠኑን። ማቀዝቀዣው ከተበላሸ ሁለት ወር አልፎታል። በመስኮቱ የሚገባው ንፋስ የዳቦ ምድጃ የከፈቱብን ያህል ፊታችንን ይለበልበናል። አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ጎልማሳ ነው። "ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ በጥልቀት ተንፍሱ፣ ለምለም ሜዳ ላይ የተቀመጣችሁ አድርጋችሁ አስቡ" አለን። ጨፈንን። ከጎኔ ያለው የግዥ ክፍሉ ባልደረባዬ ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረ። ቀጥሎ ወረቀት ታደለን። በእግር ተጓዙ፣ አትክልት ትከሉ፣ በትርፍ ጊዜያችሁ አዲስ ነገር ልመዱ ይላል።

ወረቀቱን አንብቤ ስጨርስ ጭራሽ ተጨነቅኩ። ይህን ምክር አንድ በአንድ፣ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ አዋሽ ሰባት ቤታችን ውስጥ ሲሞከር አይቼዋለሁ። ሞካሪው አባቴ ነበር። የተሞከረብን እናቴና እኔ ነን።

አባቴ ሰይድ የተሳቢ ሾፌር ነበር። በጎረምሳነቱ ከወሎ ወርዶ ጅቡቲ መስመር ላይ ገባና እዚያው ቀረ። እኛ ዘንድ ሲመጣ ከሁለት ቀን በላይ አይቆይም። የናፍጣና የሳሙና ሽታ ይዞ ይገባል፣ ቴምርና ብስኩት ያወጣል፣ እኔን ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ወርውሮ ይቀልበኛል፣ ይተኛል፣ ይሄዳል። እናቴ ፋጡማ ከዋናው መንገድ ዳር ሻይ ቤት ነበራት። ጠዋት ፉል፣ ቀን ሩዝና ፓስታ፣ ሻይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ። ሁሉ ነገር ቦታ ቦታውን የያዘ ነበር። ኑሯችን የተለካው አባዬ በሌለበት ልክ እንደነበር ያወቅነው እሱ መጥቶ አልሄድ ሲል ነው።

ያን ዓመት መስከረም ላይ፣ ከጅቡቲ ድንበር፣ ከገላፊ ሲመለስ ሰመራ ላይ ራሱን አዞረው። ታላቅ እህቱ አክስቴ ዘይነባ ሰመራ ውስጥ ነርስ ነበረች። የደም ግፊቱን ለካችው፤ ደነገጠች፤ ሐኪም ጋ ወሰደችው። ለስድስት ወር መሪ እንዳይነካ ተባለ። እንዳያመልጣት ፈርታ ራሷ በአውቶቡስ አዋሽ ድረስ አመጣችው።

በመጡ ዕለት አክስቴና እናቴ ጓዳ ገብተው ሲነጋገሩ እኔ ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ ነበር።

"ማረፍ አለበት፣ ፋጤ" አለች አክስቴ። "ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮታል። በዚህ ዓመት የግድ ማረፍ አለበት።"

"እሱስ ምን አለ?"

"እሱማ መች እሺ ይላል! እንዲያርፍ እኛ ነን ማገዝ ያለብን።"

"እኔ ምን ላድርግ ዘይነባ? እምቢ ካለ በግድ ላሳርፈው?"

"በግድም ቢሆን!"

ከዚያ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ በትምህርት ቤታችን የባንዲራ ሰልፍ ላይ ርዕሰ መምህሩ "የግቢያችን ጥበቃ ጋሽ ወርቁ አርፈዋል" ብለው ግማሽ ቀን ከትምህርት ነፃ አድርገውን ነበር። በኛ ቤት ሰው ሲሞት "አኼራ ሄደ" ነው የሚባለው። ስለዚህ አጠገቤ የቆመችውን ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኳት። "አረፉ ማለት ሞቱ ማለት ነው፣ አታውቂም እንዴ?" አለችኝ፤ አፈርኩ።

እና በመጋረጃው ቀዳዳ እናቴን አየኋት። ዓይኗን በሻርፗ ጫፍ እየጠረገች ነው። ሽንኩርት እየከተፈች እንደነበር ያሰብኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ለማንም ምንም አልተናገርኩም። እንዲህ ያለ ነገር በአፍ ከወጣ ሟርት ይሆናል። በልቤ ግን ወሰንኩ። እነሱ ሊያሳርፉት ተስማምተዋል፤ እኔ እያለሁ አባዬ አያርፍም።

አልጋው ላይ ጋደም ባለ ቁጥር ድስት እጥላለሁ። ዓይኑ ከተከደነ ሄጄ ትከሻውን እነቀንቃለሁ። "አባዬ፣ ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው?" እለዋለሁ።

"ሃምሳ ስድስት። ሂጂ አሁን።"

"ስምንት ጊዜ ሰባትስ?"

"ያ ረቢ! ይቺ ልጅ ምን ሆናለች?"

እሱም ቢሆን ለማረፍ የተፈጠረ ሰው አልነበረም። በሦስተኛው ቀን የእናቴን መደርደሪያ "ጭነቱ ወደ ግራ አጋድሏል" ብሎ በሙሉ አውርዶ እንደገና ጫነው። ብርጭቆ ከላይ፣ ድስት ከታች፣ ስኳር የትም። ደንበኞች ሲገቡ ወንበራቸውን የት እንደሚያቆሙ በእጁ ምልክት ያሳያቸው ጀመር፤ ወደ ኋላ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ በቃ። እናቴ ስኳር ፍለጋ ስትንበረከክ "ሰይድ፣ ለመሆኑ አንተ ጅቡቲ ላይ የሚናፍቅህ ሰው የለም?" አለችው።

አክስቴ ዓርብ ዓርብ ትደውላለች። በደወለች ቁጥር አዲስ መድኃኒት ታዝዛለች። የመጀመሪያው ትንፋሽ ነበር። "በአፍንጫህ ሳብ፣ እስከ አራት ቁጠር፣ በአፍህ ልቀቅ።" አባዬ የመኪና ጎማ ንፋስ እንደሚለካ ሰው ነበር የሚተነፍሰው። ጠዋት ሻይ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ "ሽሽሽሽ" ሲል ፉል የሚበላ ሁሉ አንገቱን ያዞራል። አንዱ ማንኪያውን አስቀምጦ እናቴን "ሰውዬው አስም አለበት እንዴ?" አላት። "የለበትም፤ እያረፈ ነው" አለችው። እኔ ግን እያንዳንዱን ትንፋሽ እቆጥር ነበር። ወጣ። ተመለሰ። ወጣ። አልተመለሰም? ተመለሰ፣ አልሐምዱሊላህ። ትምህርት ቤት ስደርስ ራሴ ደክሞኛል።

ሁለተኛው አትክልት ነበር። የዘይት ጀሪካኖችን ለሁለት ቆርጦ አፈር ሞላና ቲማቲምና በሶብላ ተከለባቸው። አዋሽ ላይ ውኃ በአህያ ጋሪ ነበር የሚመጣልን፤ ጋሪው ሲቀር ደግሞ የለም። አባዬ ግን ከሰው ቀድሞ ቲማቲሙን ያጠጣል። እናቴ ለሻይ ያስቀመጠችውን ውኃ ሊወስድ ሲል እጁን ይዛ "ቲማቲምህ ሻይ ይጠጣ እንደሆነ ጠይቀውና ልቅዳለት" አለችው። ቢሆንም በቀለ። አንድ ቲማቲም ጉንጩ ቀላ። በማግስቱ ጠዋት ስንነሳ የሠፈሩ ፍየሎች ግንዱን ሳይቀር ጨርሰውት ነበር። አባዬ አንድ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ በሌላው እያነከሰ፣ ፍየሎቹን ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ድረስ አሳደዳቸው። ሲመለስ ፊቱ እንደዚያ ቲማቲም ሆኖ ነበር። እናቴ በዚያች ባላት ውኃ ፊቱን አጠበችው።

ሦስተኛው ገበጣ ነው። ከድሮው ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ግራር ሥር፣ አባ ሁመድ የሚባሉ የአፋር ሽማግሌ ይቀመጡ ነበር። በወጣትነታቸው የሐዲድ ጥበቃ ነበሩ፤ ባቡሩ ቢቆምም እሳቸው ከቦታቸው አልተነሱም። መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍረው ጠጠር ሞልተው ለመጣ ሁሉ ገበጣ ያጫውታሉ። አባዬ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ሄደ፤ አሥራ አንዱንም ቀን ተሸነፈ። ጠጠሩን ሲዘራ ይቸኩላል፣ ሲሸነፍ ይነጫነጫል፣ "አንድ ጠጠር ጠፍቶብኛል" ይላል።

"ሰይድ" አሉት አንድ ቀን አባ ሁመድ፣ መፋቂያቸውን ከአፋቸው አውጥተው። "አንተ ጠጠር አትጫወትም። ጠጠር ትነዳለህ። ማን ነው ከኋላህ ክላክስ የሚያጮኸው?"

አባዬ ብድግ ብሎ ልብሱን አራገፈና ሄደ። በዚያ ሳምንት ግፊቱ ጨምሮ ተገኘ።

አራተኛው በእግር መጓዝ ነው። የኔን ጠዋቶች የበላው ይኼኛው ነው። እናቴ አባዬ ከቤት በወጣ ቁጥር ወደ ተሳቢዎቹ ማቆሚያ እንዳይሄድ ትሰጋ ነበር። ስለዚህ ከትምህርት በፊት አብሬው እንድሄድ ታዘዝኩ። "ዓይንሽ ከሱ ላይ እንዳይነሳ" አለችኝ። ደስ አለኝ፤ እናቴም ሐሳቧን ቀይራ ከኔ ጋር የሆነች መሰለኝ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የአዋሽ ወንዝ ገደል አፋፍ ድረስ ሄድን። ወንዙ ከሥር፣ ወተት የበዛበት ሻይ መስሎ፣ ዝም ብሎ ይወርዳል። ዝንጀሮዎች ልጆቻቸውን አዝለው ከድንጋይ ድንጋይ ይዘላሉ። ጠዋት ስለሆነ ንፋሱ ገና አልጋለም። ሌላ ሰው ቢሆን ይቀመጥ ነበር። አባዬ ግን እየሮጠ መጥቶ ገደሉን አንድ ጊዜ ያየዋል፣ "ደረስን፣ እንመለስ" ይላል።

በሁለተኛው ሳምንት አቅጣጫ ቀየርን። ተሳቢዎቹ ከሚያድሩበት ሜዳ ላይ የአባዬ የመስመር ጓደኛ ተስፋዬ ቆሞ ነበር። አባዬ አንድ እሽግ ብስኩት ሰጠኝና "ለእናትሽ ገደሉ ጋ ነበርን ነው የምትያት" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ተስፋዬ እዚያ ባደረ ቁጥር አባዬ ጋቢናው ላይ ይወጣል። ሞተሩ አይነሳም። መሪውን ብቻ ይይዛል። ተስፋዬ ከታች ሆኖ ጎማ ሲያይ አባዬ ከላይ ሆኖ የቆመ መኪና ይነዳል። ያኔ ግንባሩ ይፈታል፣ ትከሻው ይወርዳል፣ ዓይኑ ይጨፈናል።

"አባዬ!" እላለሁ ጮክ ብዬ።

"ምነው?"

"ምንም።"

"ትንሽ ዝም ብትይ ምን አለበት?"

ብስኩቱ ጣፋጭ ነበር። ለእናቴ ዋሸኋት። "ገደሉ ጋ ነበርን" አልኳት፣ አንድ ወር ሙሉ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ መጣ። ተስፋዬ ሞተሩን አሙቆ ሊወጣ ነው። አባዬ እንደ ልጅ ለመነው። "እስከ መልካ ወረር መገንጠያ ብቻ። እዚያ እንወርድና በሚኒባስ እንመለሳለን። አንተ አጠገቤ ነህ፣ ምን እሆናለሁ?"

"ሰይድ፣ ሰው ከሰማ እኔን ነው የሚበላኝ።"

"ማን ይሰማል? ሰአዳ የኔ ናት።"

ሰአዳ እኔ ነኝ። ብስኩት እየበላሁ ራሴን ነቀነቅኩ።

እውነቱን ለመናገር አባቴን እንደዚያ ቀን አድርጌ አይቼው አላውቅም። ከከተማው ስንወጣ ማፏጨት ጀመረ። መንገዱ ቀጥ ብሎ ነጭ ሜዳው ውስጥ ይገባል። ግመሎች ዳር ዳሩን ይሄዳሉ። እሱ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በሌላው ይህን ኩርባ፣ ያን ድልድይ ያሳየኛል። አዋሽ አርባን አለፍን። ትንሽ እንደሄድን ፉጨቱ ቆመ። ላብ ከጆሮው ሥር እስከ አንገቱ ሲወርድ አየሁ። ጋቢናው ሞቃት ስለሆነ ምንም አልመሰለኝም። ከዚያ መኪናው ጠጠሩን መምታት ጀመረ። ተስፋዬ "ሰይድ! ሰይድ! ፍሬን!" እያለ መሪውን ያዘው። ከመንገዱ ወጥተን ዘንበል ብለን ቆምን። ኋላችን የተነሳው አቧራ ደርሶብን መስታወቱን ሸፈነው።

ተስፋዬ አውርዶ በተሳቢው ጥላ ሥር አስተኛው። በጀሪካን ውኃ ራሱን አራሰውና መኪና ለማስቆም ወደ አስፋልቱ ሮጠ። እኔና አባዬ ብቻ ቀረን። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። መሬቱ በጫማዬ ሶል አልፎ ያቃጥለኛል።

"አባዬ።"

"ደህና ነኝ" አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። "ዝም በይ ልጄ። ትንሽ ልረፍ።"

ያን ቃል ከራሱ አፍ ስሰማ ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ደረቱ ላይ ወጣሁ። በሁለት እጄ መታሁት። "አታርፍም! አታርፍም! እኔ አልፈቅድም!" እያልኩ ጮህኩ። ራቅ ብለው የቆሙ ግመሎች ሳይቀሩ ዞር ብለው አዩን።

ዓይኑን ገለጠ። "ሰአዳ! ምን ሆነሻል?"

"አክስቴ ለእማዬ ስትነግራት ሰምቻለሁ! በዚህ ዓመት የግድ ማረፍ አለበት ብላለች! እንደ ጋሽ ወርቁ! በግድም ቢሆን እናሳርፈው ብለዋል!"

መጀመሪያ ሊስቅ ነበር፤ አፉ ጀምሮት ቆመ።

"ድስቱን የምትጥይው..."

"እንዳታርፍ ነው።"

"ሰባት ጊዜ ስምንቱስ?"

"እንዳታርፍ ነው!"

እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። እንባ ይሁን ላብ አልለየሁም። ከዚያ ስቦ ከጎኑ አስተኛኝና ቀስ ብሎ ተናገረ። "ሙት አላለችኝም። ቁጭ በል ነው ያለችኝ። ቁጭ በል፣ ከቤትህ አትራቅ፣ በቃ።" ደግሞ "እኔም እንዳንቺው ሙት ያለችኝ ሳይመስለኝ አልቀረም" አለ።

አንድ ሚኒባስ ቆሞልን ወደ አዋሽ መለሰን። እናቴ ሁሉንም ከተስፋዬ አፍ ሰማች። አባዬን አልተቆጣችውም። አልጋውን አነጠፈችለት፣ ውኃ አቀረበችለት፣ ከዚያ በሁለታችን መሀል ቆማ "ዋሻችሁኝ" አለች። "አንተም ዋሸኸኝ፣ አንቺም ዋሸሽኝ።" የኔን ክንድ ቆነጠጠችው። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ አልተናገረችንም። ብርጭቆ ስታስቀምጥ ግን ድምፁ ሌላ ነበር። በሦስቱም ቀን ጭንቅላቷን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራ ነበር የምትሠራው፤ ተናዳ ነው አልን።

ከዚያ በኋላ አባዬ ማቆሚያው ጋ አልሄደም። ቤት ተቀመጠ። ማረፍ ግን አሁንም አልቻለበትም። እግሩን ያወዛውዛል፣ ጣቱን ጠረጴዛ ላይ ያንኳኳል፣ ያለፈውን መኪና ሁሉ በድምፁ እየለየ "ይኼኛው ፍሬኑ አልቋል" ይላል።

በዚያው ሰሞን የእጅ ሥራ አስተማሪያችን እያንዳንዳችን ዳንቴል ሠርተን እንድናመጣ አዘዘች። የኔ ዳንቴል ድመት የተጫወተችበት ክር ይመስል ነበር። ኪሮሹ ከእጄ ይንሸራተታል፣ ክሩ ይቋጠራል፣ እኔ አለቅሳለሁ። አባዬ ከአጠገቤ ተቀምጦ አንድ ሰዓት ሙሉ እያየ ሲብሰለሰል ቆየ። መጨረሻ ላይ አልቻለም።

"አምጪ ወዲህ!" ብሎ ነጠቀኝ። "ይኼ ቋጠሮ ነው? በዚህ ቋጠሮ ሸራ ብታስሪ እኮ አዳይቱ ሳትደርሺ ጭነትሽ መንገድ ላይ ነው!"

የሠራሁትን በሙሉ ተረተረው። ክሩን በዚያ እንደ ጎማ በሻከረ ጣቱ ጠቅልሎ፣ እኔ እንዴት እንደሚገባና እንደሚወጣ እየነገርኩት፣ አንድ ዙር ሠራ። ሁለት ዙር ሠራ። ምሳ ቀረበ፤ "ቆይ" አለ። መንገድ ላይ ሦስት ተሳቢ አለፈ፤ ቀና ብሎ አላየም። እናቴ ድስት ይዛ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። እኔን በጣቷ ዝም በይ አለችኝ።

መጀመሪያ ላይ ሰው ሲመጣ በጋዜጣ ይሸፍነው ነበር። አንድ ሾፌር ድንገት ገብቶ ያዘውና "ሰይድ፣ ልትዳር ነው እንዴ?" ብሎ ሻይ ቤቱን በሳቅ ሞላው። አባዬ "ተወኝ፣ እየቆጠርኩ ነው" አለው። በወሩ ያው ሾፌር ለዳሽቦርዱ ልብስ አምሮት ቀይና አረንጓዴ ክር ይዞ መጣ። ተስፋዬም መጣ። ደጃፋችን ላይ ጢማም ወንዶች ቁጭ ብለው ስለ ክር ቀለም ሲከራከሩ መስማት የተለመደ ሆነ። የኔ ዳንቴል ከክፍሉ አንደኛ ወጣ። አስተማሪዬ "እናትሽ ባለሙያ ናት" አለችኝ። ዝም አልኩ፤ እሱንም ውሸት እናቴ ሰምታ ቆነጠጠችኝ።

የግማሽ ዓመት ዕረፍት ሲመጣ አባዬ ለምርመራ ሰመራ መሄድ ነበረበት። እናቴ በዕድሜዋ ሙሉ ዘግታው የማታውቀውን ሻይ ቤት ዘግታ አብረን ሄድን። አክስቴ ቤት እንደደረስን ጠረጴዛው ላይ መለኪያውን ዘረጋች። የአባዬን ክንድ ጠቅልላ ነፋችና አዳመጠች። ፊቷ በራ።

"ማሻአላህ! ማሻአላህ ሰይድ! ምን ተገኘ?"

"ዳንቴል" አለች እናቴ፣ ደክሟት ወንበሩ ላይ ዘፍ እያለች።

አክስቴ ሳቀች። መለኪያው ገና በእጇ ስለነበር እንደ ቀልድ "እስቲ አንቺም አምጪው እጅሽን" አለች። ነፋች። አዳመጠች። ሳቋ ቆመ። እንደገና ነፋች። ከዚያ ወደ ሌላው ክንድ ዞረች።

"ፋጤ፣ ራስሽን ያምሻል?"

"ማንን አያመውም?"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"እኔ እንጃ። ከመስከረም።"

አክስቴ ቁጥሩን ለአባዬ ነገረችው። መስከረም ላይ እሱ ራሱ ከነበረበት ይበልጥ ነበር። አባዬ በእጁ የያዘውን ክር መሬት ላይ ጣለው። አምስት ወር ሙሉ አንድ ቤት ውስጥ አንድ በሽተኛ ነበረን ብለን ስናስታምም፣ ሌላዋ ፉል ስታቀርብልን ነበር።

አክስቴ ድንጋጤዋን ለመደበቅ ወደ ለመደችው ምክር ገባች። ክኒን ትወስጃለሽ፣ ጨው ትቀንሻለሽ፣ ደግሞም ጭንቀት የሚያወጣ ነገር ያስፈልግሻል፤ ጠዋት ጠዋት በእግር፣ ትንሽ ትንሽ አትክልት...

"ዘይነባ!" አለች እናቴ። ያን ያህል ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር። "ወላሂ ቲማቲም ትከይ ካልሽኝ እዚሁ ነው የምሞተው! በእግሬ ስሄድ አይደለም እንዴ የምውለው? ከምድጃ ደጃፍ፣ ከደጃፍ ምድጃ! መቼ ነው የምተክለው? መቼ ነው የምተነፍሰው? እሱ እንዲያርፍ እኮ ማን ነው የቆመለት?"

አባዬ ጎንበስ ብሎ የጣለውን ክር አነሳ። "ከእንግዲህ የጠዋቱን ፉል እኔ ነኝ የምሠራው" አለ። "አንቺ ትተኛለሽ።"

"ታቃጥለዋለህ።"

"አቃጥለዋለሁ። ግን ደስ የሚልሽ ምንድን ነው፣ ፋጤ? ከሥራ ሌላ።"

እናቴ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ዘጋችው። አሰበች። ብዙ አሰበች።

"ገላፊን ማየት" አለች።

"ገላፊን?" አባዬ ያበደች መሰለው። "ገላፊ ምን አለና! ጉምሩክና አቧራ ነው፣ ሰልፍ ነው!"

"ይሁን። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ገላፊ ሄዷል፣ ገላፊ ተሰልፏል፣ ከገላፊ ተነስቷል እያልኩ ሻይ ቀዳሁ። ለመንገደኛ ሁሉ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የምነግረው እኔ ነኝ። ከሰመራ ወዲያ ግን አንድ እርምጃ አልፌ አላውቅም። ልየዋ! በቃ ልየዋ!"

አክስቴ ግፊቷ እስኪወርድ አንድ ሳምንት አልጋ ላይ ያዘቻት፤ ክኒኑን በሰዓቱ በእጇ አጎረሰቻት። በስምንተኛው ጠዋት፣ ገና ሙቀቱ ሳይነሳ፣ የተስፋዬ ተሳቢ ሎጊያ አድሮ መጥቶ ከአስፋልቱ ዳር ቆመ። በማግስቱ ከሌላ ጓደኛቸው ጋር ሊመለሱ ተስማሙ። አባዬ በልማዱ ወደ መሪው በኩል ዞረ፤ ተስፋዬ "አንተ ከኋላ፣ የጋቢናው አልጋ ላይ!" ብሎ አባረረው። እናቴ አዲሱን ሻርፗን አድርጋ፣ የአባዬን ክንድ ይዛ፣ ያንን ከፍ ያለ ደረጃ በሦስት ሙከራ ወጣችና ፊት ለፊት ተቀመጠች።

ለኔ ቦታ አልነበረም። አለቀስኩ፣ እግሬን መሬት ላይ መታሁ። "እኔስ? እኔ ምን አጠፋሁ?" አልኩ። ከላይ ሆና ቆጣ ብላ ትእዛዝ እንድትሰጠኝ ጠበቅኩ፤ ፊትሽን ታጠቢ፣ አክስትሽን እንዳታስቸግሪ፣ ብርጭቆ እንዳትሰብሪ። ምንም አላለችም። መስታወቱን ዝቅ አድርጋ ክንዷን አወጣችና መንገዱን ብቻ ታይ ነበር። መኪናው ሲነሳ "እማዬ!" ብዬ ጮህኩ። አልሰማችኝም። "ያ ተራራ ምን ይባላል?" እያለች ተስፋዬን ስትጠይቀው እኔ ግን ሰማኋት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። ሻርፗ በአቧራ ቀለሙን ቀይሯል፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ ዓይኗ ቀልቷል። አኩርፌ ስለነበር ወዲያው አልቀረብኳትም። ትንሽ ቆይቼ ግን አልቻልኩም።

"ገላፊ ምን አለ?" አልኳት።

"ምንም የለም" አለች። ከዚያ መሳቅ ጀመረች። የበሩን መቃን ይዛ ሳቀች፣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሳቀች። "ወላሂ ምንም የለም! አባትሽ ያለው ሁሉ እውነት ነው። ሰልፍ፣ አቧራ፣ ፍየል። እስከ ሰማዩ ጥግ ድረስ ምንም! እንደዚያ ያለ ምንም በሕይወቴ አይቼ አላውቅም!"

"ነገርኳት እኮ!" አለ አባዬ ተማርሮ። "ስንት ጊዜ ነገርኳት!"

እናቴ ዓይኗን ጠርጋ ወደ እሱ ዞረች።

"ደግሞ መቼ ነው የምንሄደው?" አለችው።